የዋረም ፐርሲን ቤተ ክርስቲያን ማን አፈረሰው? ከአንድ ጥያቄ የተነሣው ውይይት

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ከሃያ አልፈው አዲስ ለሚገባ ሰው ጫፋቸው ስለሚጠፋው፣ የተባለውን ከላይ እስከ ታች በተራ ቁጥሩ ላስቀምጠው።

መነሻ ጽሑፌ እንዲህ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር፣ ከሞልተን ከተማ ብዙም ሳይርቅ ዋረም ፐርሲ የሚባል ሰው የለቀቀው መንደር አለ። ከመካከለኛው ዘመን ቆሞ የቀረለት ሕንፃ የቅዱስ ማርቲን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ጣራ የለውም፤ የደወል ማማው ግማሹ ወርዷል፤ ቤቶቹ የነበሩበት ሜዳ ሣር ለብሶ ጉብታና ጎድጓዳ ሆኖ ቀርቷል። ፎቶውን ያሳየኋቸው ያገሬ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ማን አቃጠለው? እኛ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ስናይ ጦርነት ትዝ ይለናል፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። እዚህ ግን የሆነው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ምእመኑ ሲበዛ ሰፋ፣ ምእመኑ ሲያንስ ጠበበ፣ ምእመኑ ሲያልቅ ተዘጋ። ይህንንም ማንም ሰው ከግድግዳው ላይ ማየት ይችላል።

ወለሉ ሲቆፈር ከአሁኑ ግድግዳ በታች የትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ተገኝቷል። ከዚያ በፊትም ምናልባት ከእንጨት የተሠራ ነበረ ይላሉ አጥኚዎቹ። የድንጋዩ ሕንፃ እያደገ ሄዶ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን በደቡብና በሰሜን በኩል የጎን ክንፎች ተጨመሩለት። ክንፍ ለመጨመር የድሮው ግድግዳ ተበስቶ በዓምድ ላይ የቆሙ ቅስቶች ይደረጉበታል፤ ሕዝቡም በቅስቶቹ ሥር ወዲያና ወዲህ ይተላለፋል። ኋላ መንደሩ ሲመናመን ክንፎቹ ፈረሱ፤ ቅስቶቹም በድንጋይ ተደፈኑ። ዛሬ ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ዓምዶቹ እስከ ወገባቸው ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው፣ ቅስቶቹ ደግሞ እንደ ቅንድብ ከላያቸው ጎብጠው ይታያሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ካህናቱ የሚያገለግሉበት የምሥራቁ ክፍልም አጠረ። መደበኛ አገልግሎት በ1949 ቆመ፤ በ1959 የማማው ግማሽ ወደቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወራሪ ጦር የለም። ጥያቄዬም ይህ ነበር፦ የአንድን አጥቢያ ሕይወት ከሕንፃው ቅርጽ ምን ያህል ማወቅ እንችላለን?

መልስ 1 የመጣው ሊድስ ከምትኖር እህት ነው። ቦታውን ከልጆቿ ጋር አይታዋለች፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ቁልቁል መውረድ እንዳለ፣ ጋሪ ይዞ ለሚሄድ ሰው እንደማይመች አስጠነቀቀች። መግቢያ እንደማይከፈልበትም ጨመረች። የተደፈኑትን ቅስቶች አይታቸው ጌጥ መስለዋት እንደነበር ጽፋ አመሰገነች።

መልስ 2 አጭር ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ ናቸው ወይስ በፈረንጅ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ።

መልስ 3 ክሩን ከፍ ያደረገው ነው። የጻፉት በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ግንበኛ ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነው የምናነጋግራቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጉልተው እንዳዩ ገለጹ። መጀመሪያ የታያቸው እኔ ያልጠቀስኩት ነገር ነው፦ በተደፈኑት ቅስቶች ውስጥ ያሉት መስኮቶች ከመድፈኛው ግንብ ይልቅ ያረጁ ናቸው። ድንጋያቸው በጥሩ እጅ የተጠረበ ነው፤ ዙሪያቸው ያለው ሙሌት ግን ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። እንደ እሳቸው አባባል፣ ክንፉን ያፈረሱት ሰዎች መስኮቱን በጥንቃቄ ነቅለው ወደ ውስጥ አምጥተው ተክለውታል። በተናደደ እጅ የሚፈርስ ሕንፃ መስኮቱ ይሰበራል እንጂ ተለቅሞ አይተከልም አሉ። በእሳቸው ሥራም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ የበሩ መቃንና የተጠረበው የማዕዘን ድንጋይ ለአዲሱ ይቀመጣል እንጂ ለአጥር አይሰጥም፤ የተባረከ ዕቃ ነውና። የእንግሊዝ አጥኚዎችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ መስኮቶቹ ከፈረሱት ክንፎች የመጡ ናቸው። ጋሼ ግንበኛው ይህን የደረሱበት ከፎቶ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ክር ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ መልስ ነው።

መልስ 4 የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። ክንፎቹ ሲፈርሱ ሕንፃው ከጎን የሚይዘው ድጋፍ አጣ፤ ማማው በ1959 የወደቀውም ከዚያ የተነሣ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። መልስ 5 ላይ ጋሼ ግንበኛው ተመለሱበት፤ ቁጣ ያለበት ግን አስተማሪ መልስ ነበር። የጣራው ጭነት ከመጀመሪያውም ያረፈው በቅስቶቹና በዓምዶቹ ላይ እንጂ በክንፎቹ ላይ አይደለም፤ በዓምዶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ በድንጋይ ሲሞላ ግድግዳው ይጠነክራል እንጂ አይደክምም አሉ። ክንፎቹ ከፈረሱ በኋላ ሕንፃው ብዙ መቶ ዓመት መቆሙን ተማሪው እንዲያስብበት ጠየቁት። ማማን የሚጥለው ከላይ የሚገባ ውኃ ነው ብለው ደመደሙ።

እኔም በመልስ 6 የደገፍኩት ይህን ነው። የመካከለኛው ዘመን ወፍራም ግድግዳ ከፊትና ከኋላ በተጠረበ ድንጋይ ይለበጣል፤ ሆዱ ግን ጠጠርና ኖራ ነው። ጣራው ላይ የነበረው የእርሳስ ብረት ልባስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት ከቆመ በኋላ ተሰርቋል። እርሳስ ውድ ነው፤ ቀልጦ ይሸጣል። ልባሱ ከተነሣ ዝናቡ ከግድግዳው አናት ይገባል፣ ኖራውን ያጥባል፣ በክረምቱ ውርጭ ውኃው በረዶ ሲሆን ያብጥና ድንጋዩን ከድንጋይ ያላቅቃል። አንድ ሕንፃ ስምንት መቶ ዓመት ቆሞ ጣራው በተነካ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግማሽ ማማውን የሚያጣው እንዲህ ነው። ተማሪው በኋላ ጋሼን አመስግኖ ሁለት ጥያቄ ጨመረ፤ አመሰጋገኑ ደስ ይል ነበር።

ከመልስ 7 ጀምሮ ነገሩ ከድንጋይ ወደ ሰው ተሻገረ። አንድ የታሪክ መምህር መንደሩን ያጠፋው በ1348 እና በ1349 እንግሊዝን የመታው ታላቁ ወረርሽኝ ነው አለ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንኑ ነው። መልስ 8 ላይ ሌላ አንባቢ አረመው፦ ዋረም ፐርሲ ከወረርሽኙ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ኖሮበታል፤ ባዶ የሆነው ወደ 1500 አካባቢ ነው። የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች ያስነሣው ባለርስቱ ነው፤ ምክንያቱም የሱፍ ዋጋ ጥሩ ስለነበርና መሬቱን ለበግ ግጦሽ ስለፈለገው። በ1517 መንግሥት ያደረገው ምርመራ ባላባቱ ሂልተን ቤቶችን አፍርሶ አራሾችን ማስነሣቱን መዝግቧል። መምህሩ በመልስ 9 እጁን አልሰጠም፤ ያለውም ቁም ነገር ነበረው። ወረርሽኙ የሠራተኛውን ቁጥር ስለቀነሰ የጉልበት ዋጋ ናረ፤ እህል ማምረት ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ በግ ግን አንድ እረኛና ውሻ ይበቃዋል። ስለዚህ በሽታው መንደሩን በአንድ ጊዜ ባይገድለውም፣ በጉ የሚገባበትን በር የከፈተው እሱ ነው አለ። ሁለቱ ያሉት እርስ በርሱ የሚጣላ አይመስለኝም፤ አንዱ ስለ መቶ ዓመት ይናገራል፣ ሌላው ስለ መጨረሻው ቀን።

እዚህ ላይ ግን መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ በመልስ 10 ጽፌዋለሁ። መንደሩ ባዶ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ አልተዘጋም። አጥቢያው የዋረም ፐርሲ ብቻ አልነበረም፤ ቲክሰንዴልን የመሳሰሉ በዙሪያው ያሉ መንደሮችም ሙታቸውን እዚያ ይቀብሩ፣ ልጃቸውን እዚያ ያስጠምቁ ነበር። ማንም የማይኖርበት ሸለቆ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ጉልበቱን የጨረሰው በ1870 ቲክሰንዴል የራሷን ቤተ ክርስቲያን ስታገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ከቲክሰንዴል አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ የሚመጣ ሰው እምብዛም አልነበረም።

መልስ 11 የመሬት መፈናቀል የሚለውን ይዞ ወደ አገራችን ፖለቲካ ነዳው። መልስ 12 በስድብ መለሰለት። አወያዩ ሁለቱንም ወደ ሌላ ክፍል ስላዛወራቸው ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል። የተነሣው ጉዳይ ራሱ ቀላል አይደለም፤ ለገበሬ መሬቱን ማጣት ምን እንደሆነ ለማናችንም አይነገርም። ነገር ግን የ1517ቱን መዝገብ ይዞ ዛሬ ያለን ሰው መስደብ ለማንም አይጠቅምም።

መልስ 13 ለእኔ አዲስ በር የከፈተልኝ ነው። አንድ መሪጌታ የቤቱን አከፋፈል ጠየቁ። በእኛ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለ፤ እዚያስ ምእመኑ የት ይቆም ነበር፣ ካህኑስ? ፊቱስ ወደ ምሥራቅ ነው? ሲሉ በትሕትና ጻፉ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ማማው በምዕራብ ጫፍ ነው። የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዋናነት ሁለት ክፍል አለው፦ ምእመኑ የሚቆምበት ሰፊው የምዕራብ ክፍልና መሠዊያው ያለበት የምሥራቅ ክፍል። በመካከላቸው በዚያ ዘመን የእንጨት መለያ ይቆም ነበር። መሪጌታ ከመጋረጃችን ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው አዩት።

ዋናው ነገር ግን የማደሱ ዕዳ የማን ነው የሚለው ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት የምእመኑን ክፍል የሚያድሰው ምእመኑ ነበር፤ የመሠዊያውን ክፍል የሚያድሰው የአጥቢያውን አሥራት የሚቀበለው ነበር። አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ኪስ ማለት ነው። ክንፎቹን ያፈረሱት ክንፍ የሚሞላ ሰው ያጡና የጣራውን ወጪ መሸከም ያቃታቸው ምእመናን ናቸው። የምሥራቁ ክፍል ያጠረው ደግሞ በሌላ መቶ ዘመን፣ ዕዳው በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ እያለ ነው። ሕንፃው ከሁለት ወገን በሁለት ጊዜ መጥበቡን እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። መሪጌታ በመልስ 14 ተመልሰው፣ በእኛም ሰበካ ጉባኤው ጣራ ሲያስጠግን መቅደሱን የሚነካ ሥራ በሌላ ሥርዓትና በካህናቱ እጅ እንደሚሄድ አስረዱ። ስለ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስለ መግባት ሥልጣንም እንደሆነ ጠቆሙ። ትክክል ናቸው፤ ወደ መቅደስ ማንም አይገባም።

መልስ 15 ወደ መቃብሩ አመጣን። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ፎቶዎቹ ላይ የሚታዩት የመቃብር ድንጋዮች ጥቂትና አዲስ ናቸው፤ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሐውልት የት ሄደ ሲል ጠየቀ። ለተራ ገበሬ ሐውልት አይቆምም ነበር። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ራሱ ወደ ምዕራብ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ አፈር ይገባል፤ በትንሣኤ ቀን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እንዲነሣ ነው። ያ ቦታ ሲሞላ ሌላው በላዩ ይቀበራል። ለዘመናት እንዲህ ስለተቀበረበት አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አፈር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በቁፋሮም አንዱ መቃብር ሌላውን ቆርጦ ሲያልፍ ታይቷል። የሚታዩት ድንጋዮች የቅርብ መቶ ዘመናት ናቸው። ጠያቂው ይህን አንብቦ ስለ አዲስ አበባ አጥቢያዎች ረጅም ጽሑፍ ጻፈ (መልስ 16)፤ ቦታ ስለጠበበ ፉካ እንደተሠራ፣ ፉካውም ለዘመድ ተራ በተራ እንደሚከፈት፣ እድሩ ስለ ቦታ ከደብሩ ጋር እንደሚከራከር። ከክሩ ርዕስ ወጣ ያለ ቢሆንም አወያዩ ሳይነካው ቀርቷል፤ ጥሩ አደረገ።

ቁፋሮው እንዴት እንደሆነ ላልሰማ ሰው ላስረዳ። የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ ሞሪስ ቤረስፎርድ በ1950 የጀመረውን ሥራ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያው ጆን ኸርስት ተቀላቅሎት በየበጋው እስከ 1990 ቀጥለውበታል። አርባ ዓመት፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት። ከመቃብሩ 687 አጽሞች ወጥተዋል፤ ግማሽ የሚጠጉት ልጆች ናቸው። በሰሜን አውሮፓ ከአንድ የገጠር አጥቢያ ይህን ያህል ተሟልቶ የተጠና ጥቂት ነው።

መልስ 17 የጻፈችው ነርስ ናት። አጽም ጡት የጠባበትን ጊዜ ይናገራል የሚል አንብባ እንዴት ሊሆን ይችላል ብላ ጠየቀች። ጡት የሚጠባ ሕፃን ምግቡ የእናቱ አካል ስለሆነ፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት መጠን ከእናቱ ይበልጣል። ጡት ሲተው ይወርዳል። በተለያየ ዕድሜ የሞቱትን ሕፃናት አጥንት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚወርድበትን ዕድሜ ማየት ነው ሥራው። በዋረም ፐርሲ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሕፃናቱ ዕድገት በጡት ዘመናቸው ከዛሬ ሕፃናት ብዙም የማያንስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ልጆች ግን በቁመት ወደ ኋላ ቀርተዋል። መልስ 18 ላይ የሊድሷ እህት ተመልሳ አያቷ ልጆቻቸውን ሁሉ ሁለት ዓመት እንዳጠቡ፣ እሷ በውጭ አገር ሥራ ምክንያት ያን ያህል እንዳልቻለች ጻፈች። ነርሷ ለብቻዋ የመለሰችላት መልስ እዚህ የሚገለበጥ አይደለም፤ ሄዳችሁ አንብቡት።

ያቺው ነርስ ስለ አንድ ሰው አጽምም አመጣች። በ10ኛው ወይም በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረ ገበሬ ራሱን በከባድ ነገር ተመትቶ አጥንቱ ተሰብሯል፤ አንድ ሰው የራስ ቅሉን ቆዳ ገልጦ የተሰበረውን አንሥቶለት ድኗል። አጥንቱ ዙሪያውን ገጥሟል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ መንደር ይህን ያደረገ እጅ የማን ነበር? በመንደሩ ሐኪም ቤት አልነበረም። እኔን ከአጽሞቹ ሁሉ የሚያስገርመኝ እሱ ነው።

ከመልስ 19 እስከ 21 ያለው ከባዱ ክፍል ነው። 19 አንድ አባት ጻፉ፤ የሞተን ማንሣት ግፍ ነው፣ ፍትሐት ተደርጎለት ያረፈን ሰው አጥንቱን በሣጥን ቆጥሮ ማስቀመጥ በማንም አገር ነውር ነው አሉ። 20 ላይ አንድ ተመራቂ ተማሪ፣ በእኛም ፍልሰተ ዐፅም አለ፣ አጽም ከቦታ ቦታ በክብር ይሄዳል፣ እኛው ራሳችን በሠፈራችን አሮጌ መቃብር ላይ መንገድ ሲወጣ ዝም እንላለን ብሎ ሞገተ። ሞገቱ መልካም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን አባትን ያላወቁ ሽማግሌ ማለቱ አልተገባም። 21 እዚያው ላይ ቤንዚን አርከፈከፈበት፤ እሱ ተሰርዟል።

የኔን አቋም በ22 አስቀምጫለሁ። ፍልሰተ ዐፅም ሟቹን ወደ ተሻለ ዕረፍት መውሰድ ነው፤ ጥናት ግን ሌላ ነው፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መከራከር አያስኬድም። አባት የጠየቁት የክብር ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሳይንስ ጥቅም ብቻ አይዘጋም። በሌላ በኩል ስለ እነዚያ ገበሬዎች የሚናገር ወረቀት የለም ማለት ይቻላል። ባለርስቱ መዝገብ አለው፣ ንጉሡ መዝገብ አለው፤ በአሥር ዓመቱ የተራበው ልጅ ግን ያለው ምስክር አጥንቱ ነው። ስለዚህ ቢጠና እመርጣለሁ፤ ሲጠና ግን በስርዓት፣ ሲያበቃም ማረፊያ ተዘጋጅቶለት። አባት በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ ስለ መጨረሻው ሐረግ ግን አመሰገኑኝ።

መልስ 23 በ2017 ወጥቶ ብዙ ስለተወራበት ጥናት ነው። ከመንደሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ ከአንድ ቦታ የተገኙ 137 የሰው አጥንት ቁርጥራጮች አሉ፤ ቢያንስ የአሥር ሰዎች ናቸው፣ ዘመናቸው ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን። ተቆርጠዋል፣ ተሰብረዋል፣ ተቃጥለዋል። መልሱን የጻፈው ሰው ሙታን እየተነሡ መንደሩን ያስጨንቁ ነበር ማለት ነው ብሎ በደስታ ጻፈ፤ ከእኛ አገር የጅብና የቡዳ ወሬዎችንም አያያዘበት። መልስ 24 ላይ የታሪክ መምህሩ ቆጣ ብሎ አቆመው፤ እኔም ከመምህሩ ጋር ነኝ። አጥኚዎቹ ሦስት ነገር ነው የመዘኑት። እንግዶች ናቸው እንዳይባል፣ በጥርሳቸው ያለው ስትሮንሺየም የሚባል ንጥረ ነገር በአካባቢው ማደጋቸውን ያሳያል። በረሃብ ዘመን ተበልተዋል እንዳይባል፣ የቢላዋው ምልክት ሥጋ የሚገፈፍበት ጡንቻ ላይ ሳይሆን ራስና አንገት አካባቢ ነው የበዛው። የቀረው ግምት፣ ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ እንዳይነሡ ተብሎ የተደረገ ነው የሚለው ነው፤ በዚያው ዮርክሺር የኖረ የ12ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊም ሬሳ አውጥቶ ስለማቃጠል ጽፏል። ይህ የመንደርተኛውን ፍርሃት ይነግረናል። ሙት ተነሣ አይልም። ደግሞም በዚህ ጉዳይ የሰውን ስም የሚያጠፋ የእኛን አገር ወሬ ማስገባት ጎጂ ነው፤ ቡዳ እየተባለ የተገለለ ሰው ዛሬም አለ።

መልስ 25 በጣም ተመርሮ ነው የጻፈው። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን እየፈረሰ ስለ እንግሊዝ በግና ድንጋይ ሃያ አምስት መልስ መጻፍ ያሳፍራል አለ። ስንት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ከነሥዕሉ፣ ከነጥርብ ድንጋዩ፣ ለኮንክሪትና ለቆርቆሮ ሲባል እየፈረሰ እንደሆነ ዘረዘረ፤ ምሬቱ እውነት ነው። ብዙ ሰው ሊመልስለት ተንደረደረ። ቀድሞ የደረሰው ያ የምህንድስና ተማሪ ነው (መልስ 26)። በትውልድ ወረዳው አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን በቅርቡ ሊፈርስ እንደሆነ፣ ምእመኑ ስለበዛ አዲስ ሰፊ እንዲሠራ እንደተወሰነ ነገረን። ውሳኔውን መቃወም እንደማይችልና እንደማይፈልግም ገለጸ፤ ምእመኑ ዝናብ ላይ ነው የሚቆመው። የጠየቀው፣ ከመፍረሱ በፊት ምን ምን ልመዝግብ የሚል ነው።

ጋሼ ግንበኛው በመልስ 27 የሰጡት መልስ ለሁላችንም ይሆናል። መጀመሪያ የግድግዳውን ውፍረት በየበሩ ለካ፤ ውፍረቱ የሚለያይበት ቦታ ካለ አንዱ በኋላ የተጨመረ ነው። የዓምዶቹን ርቀት ለካ፤ በአንድ ወገን ካልተስተካከለ ምክንያት አለው። ግድግዳ ከግድግዳ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ በቅርብ ፎቶ አንሣ፤ ድንጋዩ እርስ በርሱ ካልተቆላለፈ ሁለት ዘመን ነው። የጭቃውንና የኖራውን ቀለም በተለያየ ቦታ እይ። የበሩን መቃን ሥሩን እይ፤ ድሮ ከነበረበት ተነቅሎ የመጣ ከሆነ ማጠፊያው የነበረበት ቀዳዳ በማይሆን በኩል ይገኛል። የመቃብሮቹን ቦታ ከነቁጥራቸው በወረቀት ሳል፤ አዲሱ መሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸውና። ሽማግሌዎቹንም በየትኛው ወገን ማን እንደተቀበረ ጠይቃቸው አሉ።

መልስ 28 የመጨረሻው ነው፤ ተማሪው ፈቃድ ከማን እንደሚያስፈልገው ጠየቀ። መሪጌታ መለሱለት። ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው በደብዳቤ፤ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ከክልሉ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት። ወደ መቅደሱ ራሱ አይገባም፤ የውስጡን ልክ ካህናቱ በገመድ ለክተው ያወጡለታል። ተማሪው ደብዳቤውን ጽፎ ረቂቁን እዚሁ አስቀምጦታል፤ አማርኛውን የምታቀኑለት ካላችሁ ክሩ ክፍት ነው።